ካራቴ ፊልም አይቼ አለቀስኩ፣ እኔ ብቻ ነኝ?

የማነቂያው_ባርበር

ጎበዝ ሰላም ናችሁ? ነገሩ ቀልድ ይመስላል ግን የምሬን ነው የምጠይቀው። አራት ኪሎ ፀጉር ቤት ነው የምሠራው። ግድግዳው ላይ ቲቪ አለን። ቀኑን ሙሉ ኳስ፣ ኳስ ከሌለ ፊልም። ባለፈው ሳምንት ማታ ሥራ ቀዝቀዝ ሲል «ትዋይላይት ኦፍ ዘ ዋሪየርስ፦ ዎልድ ኢን» የሚባለውን የሆንግ ኮንግ ፊልም ከፈትኩ። የ2024 ነው፣ ዳይሬክተሩ ሶይ ቼንግ ይባላል። ፋይት ፈልጌ ነው የከፈትኩት። ፋይቱንም አገኘሁ፣ ሞልቷል። ግን መጨረሻው ላይ ማሽኑን እንደያዝኩ ዓይኔ እንባ ሞልቶ ቆሜ ቀረሁ። ወንበሩ ላይ ያለው ደንበኛ በመስታወቱ እያየኝ «ወንድሜ፣ ጆሮዬን አደራ» አለኝ።

ላላያችሁት ላውራችሁ። ታሪኩ በ1980ዎቹ ሆንግ ኮንግ፣ ካውሉን ዎልድ ሲቲ የሚባል ሰፈር ውስጥ ነው። ሰፈሩ ፈጠራ አይደለም፣ የነበረ ነው። ሁለት ሄክታር ተኩል ገደማ በሆነች መሬት ላይ ከ30 ሺህ በላይ ሰው ተደራርቦ ይኖርባት ነበር። ቤት በቤት ላይ፣ ሽቦ በሽቦ ላይ፣ ቀን በመብራት የሚኬድበት መተላለፊያ። ሎክ የሚባል ስደተኛ ልጅ አጭበርብረውት ተናዶ የወሮበሎቹን ቦርሳ ይነጥቅና እየተባረረ እዚያ ዘው ይላል። ሰፈሩን የሚመራው ሳይክሎን ደግሞ፣ ስሙኝማ፣ ፀጉር አስተካካይ ነው! ሉዊስ ኩ ነው የሚጫወተው። ደንበኞቼ ሳቁ፣ እኔ ግን ምንም አልገረመኝም። ማን ከማን እንደተጣላ፣ የማን ልጅ ሥራ እንደፈታ፣ ማን ኪራይ እንዳልከፈለ የሚወራው እኛ ጋ አይደል እንዴ?

ልጁ የመጀመሪያ ቀን እንደ ሌባ ተቀጥቅጦ ነው የሚወጣው። ቀስ እያለ ግን ሰፈሩ ይለምደዋል። ያገኘውን ሥራ ይሠራል። ሩዝ በጥብስ ሥጋ ሲሰጡት አንገቱን ደፍቶ ይበላል። ሦስት ጓደኞች ያገኛል፣ ማታ ማታ ማህጆንግ የሚባል የቻይና ጨዋታ ይጫወታሉ። ከዛ ሰፈሩ ሊፈርስ ነው የሚል ወሬ ይመጣል። እውነተኛው ሰፈር 1994 ላይ ፈርሶ አልቋል፣ ዛሬ መናፈሻ ነው።

እኔ ፒያሳ ዶሮ ማነቂያ ተወልጄ ያደግኩ ነኝ። በኛ አቆጣጠር 2016 ላይ የኛም ሲፈርስ እናቴ ጀበናዋን በነጠላ ጠቅልላ እንደ ሕፃን ታቅፋ ነው መኪና ላይ የወጣችው። ሌላው ዕቃ ከኋላ ተጭኗል፣ ጀበናዋን ግን ለማንም አልሰጠችም። ፊልሙ መጨረሻ ላይ የሰፈሩን ሰዎች የዕለት ኑሮ ሲያሳይ እኔ ያየሁት ያንን ነው።

ጓደኛዬ ታዲያ ሙድ ያዘብኝ። «ፋይት ፊልም ፋይት ነው፣ ድራማ ካማረህ ቃና አለልህ» አለኝ። ታሪክ ሲበዛ ፋይቱን ይገድለዋል ነው የሚለው። እስቲ ፍረዱን። በዛውም ከቅርብ ዓመታቱ ፋይቱም ታሪኩም ያለው ሌላ ካያችሁ ጠቁሙኝ።


ሚኪ_ስታዲየም

ኧረ ብቻህን አይደለህም ባርበሬ። እኔ አላለቀስኩም ግን ዝም ብዬ ነበር፣ ለኔ ያው ነው።

አንድ ቅሬታ ግን አለኝ። ያ ፊሊፕ ንግ የሚጫወተው ሰውዬ፣ ስለት የማይበሳው፣ እሱ ምንድነው? እስከዛ ድረስ ሰው ሲመታ ያመዋል፣ ሲወድቅ ይሰበራል፣ በቃ ሰው ነው። ከዛ ድንገት ሰይፍ የማይነካው አመጡብን። ኪንግ ኮንግን መታገል ነው የሆነው። በሳቁ ግን ወድጄዋለሁ፣ ያ ሳቅ ያናድዳል።

የወሮበሎቹን አለቃ የሚጫወተውን ሳሞ ሁንግን ደግሞ አያችሁት? ሰባ ዓመት የሞላው ሰው፣ ያንን ሰውነት ይዞ፣ አሁንም ይማታል። የኔ አባት በዛ ዕድሜው ሁለተኛ ፎቅ ሲወጣ ሦስቴ ነው የሚያርፈው።


ያ_ጓደኛው_እኔ_ነኝ

አዎ እኔ ነኝ። ስሜን ካጠፋህ አይቀር በትክክል አጥፋው። ድራማ አልወድም አላልኩም። ያልኩት ፋይት ልታሳየኝ ከጠራኸኝ ፋይት አሳየኝ ነው። ሥጋ ቤት ገብቼ ጥሬ ሥጋ አዝዤ መጀመሪያ ስለ በሬው አስተዳደግ እንዲያወሩኝ አልፈልግም።

የቻይናዎቹ ችግር ይሄ ነው። ግማሹ አየር ላይ ይበራል፣ ግማሹ ያለቅሳል። የኢንዶኔዥያዎቹን እዩ። «ዘ ሬይድ» 2011 ላይ ሲወጣ ታሪኩ አንድ መስመር ነው፦ ፖሊሶች ሕንፃ ውስጥ ገቡ፣ ከላይ ያለው ቦስ አላስወጣ አላቸው። በቃ! ዋናው ተዋናይ ኢኮ ኡዋይስ ኮሪደሩን ሲያጸዳው አፌን ከፍቼ ነው ያየሁት። ከቅርቦቹ ደግሞ «ዘ ሻዶ ስትሬይስ» አለ፣ 2024፣ ቲሞ ጃህጃንቶ የሠራው። አንዲት የአሥራዎቹ ልጅ ናት ገዳይዋ። ደም ለማይወድ አይሆንም፣ ከምግብ በፊትም አልመክርም።

ሌላው የህንዱ «ኪል» ነው። ባቡር ውስጥ ኮማንዶ ከሽፍታ ጋር። ጠባብ ነው፣ መሸሻ የለም፣ ያገኙትን ሁሉ እያነሱ ነው የሚማቱት። ዘፈንና ጭፈራ የሌለው የህንድ ፊልም አየሁ ብዬ ለእህቴ ስነግራት አላመነችኝም።

እና እባካችሁ ያ ጃኪ ቻንን በኤአይ ወጣት ያደረጉበትን «ኤ ሌጀንድ» የሚባለውን እንዳታዩት። ፊቱ የጃኪ ይመስላል፣ አካሉ የሌላ ሰው፣ ዓይኑ የማንም አይደለም። ጃኪን ሳይ እንደዛ ደብሮኝ አያውቅም።


የድሮው_ቪዲዮ_ቤት

ልጆች፣ ጨዋታችሁን ሳነብ ሳቄ መጣ። እኔ በኛ አቆጣጠር በሰማንያዎቹ መጨረሻ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ቪዲዮ ቤት ነበረኝ። ቤት አትበሉት፣ የቆርቆሮ ጓዳ ነው። አንድ ቴሌቪዥን፣ አንድ ዴክ፣ ስምንት አግዳሚ ወንበር፣ መስኮቱ በብርድ ልብስ የተጋረደ። በሩ ላይ ጥቁር ሰሌዳ ሰቅዬ በጠመኔ እጽፋለሁ፦ «ዛሬ ከ8 ሰዓት ጀምሮ፣ 1 ህንድ 2 ካራቴ»። መግቢያ ሃምሳ ሳንቲም። ካሴቱ መስመር መስመር ማሳየት ሲጀምር ዴክ ከፍቶ ሄዱን በአልኮል መጥረግ ነበር። እስከዚያ ሕዝቡ ያፏጫል።

ይሄ «ታሪክ ፋይቱን ይገድለዋል» የሚለው ክርክር አዲስ አይምሰላችሁ። እኔ ቤት በየቀኑ ነበር። ሰዎቹ ቁጭ ብለው ማውራት ሲጀምሩ ልጆቹ ከኋላ «ወሬውን አሳልፈው!» ብለው ይጮሃሉ። እኔም አሳልፋለሁ። ገንዘብ የከፈለ ንጉሥ ነው። እንግሊዝኛውን የሚያነብም ከመሀላቸው አልነበረም።

የጄት ሊ አንድ ፊልም ነበረኝ፣ «ማይ ፋዘር ኢዝ ኤ ሂሮ»፣ የ1995። የዘመኑ ልጅ ሁሉ ያውቀዋል። አባትየው ልጁን በገመድ አስሮ እንደ መሣሪያ እያሽከረከረ የሚማታበት ነው። ያንን ቦታ ስንት ጊዜ አስደግመውኛል! ገመዱ ሲዞር አግዳሚው ላይ ያሉት ሁሉ አብረው ይዞራሉ፣ እግር ይነሳል፣ ጠብ ይነሳል። ግድግዳው ላይ «መራገጥ ክልክል ነው» ብዬ ጽፌ ነበር፣ ማን ሰምቶኝ።

አንድ የክረምት ማታ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲቀጠቅጥ ሰው አልመጣም። ብቻዬን ሆኜ ሳላሳልፍ አየሁት። ሚስትየው ታማ ትሞታለች ለካ። አባትየው በስውር ወንጀለኞች መሀል የገባ ፖሊስ ነው፣ ልጁም ሚስቱም አብረው አበሳቸውን ያያሉ። ያ ልጅ በገመድ ታስሮ የሚወረወረው እናቱ ከሞተች በኋላ ነው። ከስድሳ ጊዜ በላይ ያጫወትኩትን ፊልም ያን ቀን ገና አየሁት። በማግስቱ ልጆቹ «አሳልፈው» ሲሉ «ዴኩ ተበላሽቷል፣ አያሳልፍም» አልኳቸው። ግማሾቹ ሃምሳ ሳንቲማችንን መልስ ብለው ወጡ። የቀሩት ቀሩ።

አሁን የምነግራችሁ ደግሞ ይገርማችኋል። ያ ሕፃን ስሙ ሺዬ ሚያዎ ነው። ዛሬ ትልቅ ሰው ሆኗል። 2025 ላይ ቶሮንቶ ፌስቲቫል የታየው «ዘ ፊዩሪየስ» የሚባለው ፊልም ዋና ተዋናይ እሱ ነው። ልጁን ያፈኑበት አባት ሆኖ! በገመድ ይወረወር የነበረው ልጅ አሁን አባት ሆኖ ስለ ልጁ ይማታል። ዳይሬክተሩም ኬንጂ ታኒጋኪ ነው፣ ባርበሩ ያለቀሰበትን የዎልድ ኢንን ፋይት ያቀናበረው ጃፓናዊ።

ስለ ጃኪ ደግሞ፣ የኤአይውን ተዉት። «ራይድ ኦን»ን እዩ፣ 2023። ያረጀ፣ ዕዳ ያለበት፣ ሥራ ያጣ ስታንትማን (ፊልም ላይ አደገኛ ዝላይና ውድቀት የሚሠራ) ነው፣ ያለው አንድ ፈረስ ብቻ። ከልጁ ጋር ተቆራርጠዋል። አንድ ቦታ ላይ አባትና ልጅ ተቀምጠው የድሮ ሥራዎቹን ያያሉ። የሚታየው ግን የእውነተኛው የጃኪ ዝላይና ውድቀት ነው፣ ከነ«ፖሊስ ስቶሪ»። እኔ እነዚያን ሁሉ በካሴት አሳይቻለሁ። ሰውዬው «አርመር ኦፍ ጎድ»ን ሲሠራ ከዛፍ ወድቆ የራስ ቅሉ ተሰብሯል፣ ተርፎ ነው። ልጆቹ ያን ጊዜ መጨረሻ ላይ የሚመጡትን የስህተት ቅንጭቦች ለማየት ነበር የሚቆዩት፣ ሲወድቅ ይስቁ ነበር። ራይድ ኦን ላይ ያው ውድቀት ሲመጣ ማንም አይስቅም።

አሁን ዕድሜዬ ገፍቷል፣ ፊልሙን የልጅ ልጄ ነው በስልክ የሚያወርድልኝ። ማታ ማታ ፓኬጁ ርካሽ ነው ብሎ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ያመሻል፣ እናቱ የምትጣላው ከኔ ጋር ነው።


ሚኪ_ስታዲየም

ጋሼ እንዲህ አድርገው ባይጽፉት ኖሮ ስለ ዝናቡ ማታ አላምንዎትም ነበር። ቪዲዮ ቤትዎ የት ጋ ነበር? ከጤና ጣቢያው ወዲህ ከሆነ እኔ «አሳልፈው» ከሚሉት አንዱ ነኝ መሰለኝ። ሃምሳ ሳንቲም ካለብኝ ይቅር ይበሉኝ።


ቤቲ_ሜክሲኮ

ወንዶች ቡጢ ቆጥራችሁ ከጨረሳችሁ እኔም ልግባ።

ያ ጓደኛው የሆንከው ወንድሜ፣ «ኪል»ን ለክርክርህ ማምጣትህ ራስህን ነው የጠለፈህ። ፊልሙን በደንብ አይተኸዋል? የፊልሙ ስም መጀመሪያ ላይ አይመጣም እኮ። ግማሽ ሊደርስ ሲል ነው የሚመጣው። መቼ? የሚወዳት ልጅ ከተገደለች በኋላ። ከዛ በፊት ኮማንዶው ሽፍቶቹን ይመታል፣ ይጥላል፣ ያልፋል። ከዛ በኋላ ነው መግደል የሚጀምረው፣ ስሙም ያኔ ይወጣል። ባቡሩ ያው፣ ሰዎቹ ያው፣ ጥበቱ ያው። የተለወጠው ልጅቷ መሞቷ ብቻ ነው፣ እና ፋይቱ በሙሉ ሌላ ሆነ። ልጅቷን ሳታውቃት ብታሳልፈው ምን ትመለከት ነበር? ጋሼ ቪዲዮ ቤት ያሉት እኮ ይሄንኑ ነው። ሽፍቶቹም ራሳቸው ዘመዳሞች ናቸው፣ አንዱ ሲሞት ሌላው ያለቅሳል። የህንድ ሽፍታ ሲያለቅስ ያየሁት ያን ቀን ነው።

«ዘ ሻዶ ስትሬይስ»ም ያው ነው። ያቺ ልጅ ያን ሁሉ ሰው የምታርደው አንድ ጎረቤት ሕፃን ልታስጥል ብላ ነው። አንተ ደሙን አይተህ ሕፃኑን ረሳኸው።

ለባርበሩ የምመክረው ግን ቡጢ የሌለበት ነው። የሆንግ ኮንግ «ዘ ላስት ዳንስ»፣ 2024። ሠርግ አዘጋጅ የነበረ ሰውዬ በኮቪድ ዕዳ ውስጥ ይገባና ወደ ቀብር ሥራ ይዞራል። ድግስ ያው ድግስ ነው ብሎ ነው የገባው፣ አበባ፣ ጌጥ፣ ክፍያ። አብሮት የሚሠራው ሽማግሌ ግን የታኦ (የቻይና ጥንታዊ ሃይማኖት) ቄስ ነው፣ የሟቹን ነፍስ ከሲኦል የሚያስወጣበት ሥርዓት አለው። ዘጠኝ ሸክላ በእሳት ዙሪያ ይደረደራል፣ በሰይፍ እየተዞረ አንድ በአንድ ይሰበራል። እመኑኝ፣ የሰይፍ እንቅስቃሴው ከብዙ ካራቴ ፊልም ይበልጣል፣ ጠላቱ ግን አይታይም። ሽማግሌውን የሚጫወተው ማይክል ሁይ ነው፣ የድሮ ኮሜዲያን ነበር አሉ፣ እዚህ አንዴም አይስቅም።

የተበሳጨሁበት ሌላ ነው። የሽማግሌው ሴት ልጅ የአምቡላንስ ሠራተኛ ናት። ሥርዓቱን ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቀዋለች፣ ትወደዋለች፣ ሴት ስለሆነች ግን ንጹሕ አይደለሽም ተብላ አይፈቀድላትም። ወንድሟ ደግሞ ሥራውን አይወደውም ግን ወንድ ስለሆነ ወራሹ እሱ ነው። ሳየው አክስቴን አሰብኩ። አባቷን አሥራ አንድ ዓመት ያስታመመችው እሷ፣ ቀብሩ ላይ ከፊት የቆሙት ከውጭ የመጡት ወንድሞቿ። መጨረሻውን አልነግራችሁም። ተዋናይቷ ሚሼል ዋይ በዚህ ሥራዋ የሆንግ ኮንግ የምርጥ ተዋናይት ሽልማት ወስዳለች፣ ይገባታል። ፊልሙም ከሆንግ ኮንግ የአገር ውስጥ ፊልሞች ሁሉ በገቢ አንደኛ ሆኗል። ቡጢ ሳይወረወር!

ከዛ ቀጥላችሁ የታይላንዱን የአያት ፊልም እዩ፣ «ሀው ቱ ሜክ ሚሊየንስ ቢፎር ግራንድማ ዳይስ»። ልጁ ጌም እየተጫወተ የሚውል ሥራ ፈት ነው። አያቱ ካንሰር እንደያዛት ሲሰማ ቤቷን ልታወርሰኝ ትችላለች ብሎ ሊያስታምማት ይገባል። ሴትየዋ ጠዋት ጠዋት የሩዝ ገንፎ የምትሸጥ ናት፣ ገና ሳይነጋ ትነሳለች፣ እሱም ዓይኑን እያሸ ይከተላታል። አያቲቱን የተጫወቱት እናት በዛ ዕድሜያቸው የመጀመሪያ ፊልማቸው ነው። ለመሞት የቀረበች ሴትዮ ማንን እንደምትወድ ለመናገር ስትቸገር ማየት... በቃ ሶፍት ይዛችሁ ግቡ።

ሳልረሳው፣ ፋይትም አያለሁ እኮ! የኮሪያው ማ ዶንግ ሶክ የኔ ነው። «ዘ ራውንዳፕ» አራተኛው 2024 ላይ ወጥቶ ኮሪያ ብቻ ከ11 ሚሊዮን በላይ ሰው ሲኒማ ገብቶ አየው። አንድ ጥፊ፣ አንድ ሰው። ቀጥሎ። የኮሪያ ነገር ከአያቴ ነው የመጣብኝ። በኛ አቆጣጠር በ1943 ከቃኘው ጋር ኮሪያ ከዘመቱት ነበር፣ ነፍሱን ይማረው። ስለ ውጊያው አያወራም፣ የሚያወራው ስለ ብርዱ ብቻ ነው። የኮሪያ ፊልም ላይ በረዶ ሲዘንብ ሁሌ ወደ ሶፋው ዞር እላለሁ።


ማስተር_ዳኒ

ጣልቃ ልግባና፣ ሁሉንም «ካራቴ» ማለታችሁን አቁሙ እባካችሁ። ካራቴ የጃፓን ነው። የቻይናው ኩንግ ፉ ወይም ዉሹ ነው። «ዘ ሬይድ» ላይ ያለው የኢንዶኔዥያ ሲላት ነው። እኔ የማስተምረው ቴኳንዶ ደግሞ የኮሪያ። ወላጆች ሲመዘገቡ ራሱ «ካራቴ የሚማርበት እዚህ ነው?» ነው የሚሉኝ፣ ማስታወቂያው ላይ በትልቁ ቴኳንዶ ተጽፎ።

አሁን ወደ ፊልሙ። የሆንግ ኮንጉ ተዋናይ ዶኒ የን «ዘ ፕሮሴኪዩተር» ላይ ባቡር ውስጥ የሚማታውን ተመልከቱ። ስልሳ ያለፈው ሰው ነው፣ ዳይሬክት ያደረገውም ራሱ ነው። ሲደክም ይታያል። ትንፋሹ ይሰማል። ድሮ ቢሆን ያንን ይቆርጡት ነበር። ለተማሪዎቼ የማሳየው እሱን ነው፣ ምክንያቱም ሦስተኛው ዙር ላይ የሚያሸንፍህ ቡጢ ሳይሆን ትንፋሽ ማጣት ነው።

ሌላው የቻይናው «ዮሎ» ነው፣ 2024፣ ጂያ ሊንግ የምትባል ሴት ራሷ ዳይሬክት አድርጋ ራሷ የተጫወተችው። ከቤት የማትወጣ፣ ሁሉም የሚጠቀምባት ሴት ቦክስ ትጀምራለች። ለፊልሙ ሃምሳ ኪሎ ገደማ ነው የቀነሰችው፣ በሜካፕ አይደለም፣ በሰውነቷ። ቤቲ እንዳትቆጪ፣ እኔም ነግሬሽ እንዳላበላሸው የመጨረሻውን ግጥሚያ ውጤት አልናገርም። ከሪንጉ ስትወርድ ፊቷን ብቻ እዩት። አንድ ተማሪዬ፣ አሥራ አራት ዓመቷ ነው፣ አይታው በማግስቱ ከሁሉም ቀድማ መጣች። በሩ ላይ ቁልፍ ስጠብቅ አገኘችኝ።


ያ_ጓደኛው_እኔ_ነኝ

ቤቲ፣ ስለ «ኪል» ስሙ የሚመጣበት... ሄጄ ድጋሚ ከፈትኩት። ልክ ነሽ። በስልክ ሳየው መጀመሪያውን ትንሽ ገፋ ገፋ አድርጌው ነበር መሰለኝ። ትንሽ።

ይሄ ማለት ግን ተሸነፍኩ ማለት አይደለም። አየር ላይ መብረሩን አሁንም አልወደውም።


የማነቂያው_ባርበር

«ገፋ ገፋ አድርጌው ነበር» አለ! ጋሼ ቪዲዮ ቤት ይስሙልኝ፣ ካሳለፉት መሀል ነው!

ሁላችሁም ይመቻችሁ። እሁድ እናቴ ጋ ሄድኩ፣ አሁን ያለችው ኮንዶሚኒየም ነው፣ አራተኛ ፎቅ። «ዘ ላስት ዳንስ»ን በፍላሽ ይዤላት ነበር። ሰብታይትሉን ስለማታነብ እያቆምኩ እየነገርኳት አየነው። መጀመሪያ ላይ ሰውዬው የሬሳ ሣጥን ዋጋ ሲደራደር ፊልሙን አስቆመችኝ። «እነዚህ ሰዎች እድር የላቸውም እንዴ?» አለችኝ። የላቸውም አልኳት። «ታዲያ ድንኳኑን ማን ያመጣል?» ድንኳንም የላቸውም። በጣም አዘነችላቸው። ከዛ በኋላ ሟቾቹን ሳይሆን ቀሪዎቹን እያየች «የምስኪን አገር» ስትል አመሸች።

ልጅቷ ሴት ስለሆነች አይቻልም የሚባልበት ጋ ስንደርስ ግን ምንም አላለችም። ተነስታ ቡና ቆላች። ያው በዛች ጀበና ነው። ሸክላው የሚሰበርበት ጋ ስንደርስ ቡናው ሊገነፍል ነበር፣ አላየችውም፣ ሮጬ ያወረድኩት እኔ ነኝ።

በነገራችን ላይ የድሮ እድሯ የፒያሳው ነው፣ አባላቱ አሁን በየዳር ከተማው ተበትነዋል። እስካሁን ግን በየወሩ ሁለት ታክሲ ይዛ ሄዳ ትከፍላለች። እዚህ አዲሱ ጋ ግቢ ብላት «እዛ ጋ ማን ይቀብረኛል፣ ገና ስማቸውን አላጠናሁም» ትለኛለች።

ፊልሙ ሲያልቅ «ሌላ አለህ?» አለችኝ። የአያቲቱን አልደፈርኩም። «ራይድ ኦን»ን ነው የምወስድላት፣ ፈረስ ትወዳለች።


የድሮው_ቪዲዮ_ቤት

ለእናትህ ሰላምታዬን አድርስልኝ። ፈረሱ አይሞትም፣ አትሥጋ፣ ተረጋግታ ታየው።


ቤቲ_ሜክሲኮ

ጋሼ! መጨረሻውን ተናገሩ እኮ!


የድሮው_ቪዲዮ_ቤት

የፈረሱን ነው የተናገርኩት ልጄ። የአክተሩን አልተናገርኩም። አክተር እንደሆነ ድሮም አይሞትም።


ሚኪ_ስታዲየም

ዎልድ ኢን ላይ ግን...


የማነቂያው_ባርበር

ሚኪ ዝም በል! ያላየ አለ።

ወንድሜ ያ ጓደኛው፣ ቅዳሜ ከ12 ሰዓት በኋላ ሥራ ሲቀዘቅዝ ና። «ኪል»ን ከመጀመሪያው እናየዋለን። ማስተር ዳኒም ሰፈርህ ቅርብ ከሆነ ብቅ በል፣ ወንበር አለ። 32 ጊጋ ፍላሽ ያለው ይዞ ይምጣ፣ የኔ እናቴ ጋ ቀርቷል። ሪሞቱ እኔ ጋ ነው የሚሆነው።